ለጡት ማስጣያ የመጣች ልጅ

አጋሮ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለእሜቴ መቅዲ፣ ኮሌጅ ገብታም ከአጎቷ መዝገበ ቃላት ላልተላቀቀች፤

ጤናሽን አልጠይቅም። ደብዳቤሽ ላይ የሽሮ ጠብታ ስላየሁ ቢያንስ እየበላሽ ነው። እኛም አለን። እማዬሽ ውድነሽ ጉልበቷን ያማታል፤ አንቺን ካነሳን ግን ጉልበት እንዳላትም ትረሳለች። ቡና ዋጋው ከወደቀ ወዲህ ሰው ወደ ሱቄ የሚመጣው ሬዲዮ ሊያሠራ ሳይሆን የሠራሁለትን መልሶ ለእኔው ሊሸጥ ነው። ሬዲዮ ጠጋኝነቴ ቀርቶ የሬዲዮዎች ጡረታ ቤት ኃላፊ ሆኛለሁ።

ከኮሌጃችሁ መዝገበ ቃላት የምትፈልጊው ገጽ ብቻ ተቀዶ መወሰዱን ሳነብ ሳቅሁ። መምህራችሁ "መነጠልን የሚናገር አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ምረጡ፤ ትርጉሙንና አመጣጡን ጻፉ" ባለ ማግስት ገጹ ከጠፋ፣ ከመካከላችሁ አንዱ መነጠልን በተግባር አጥንቷል ማለት ነው። ግድ የለም። የእኔዋ መዝገበ ቃላት ሽፋን ባይኖራትም ሆዷ ሙሉ ነው።

የመረጥሻት ግስ "ዊን" (wean) ናት። ትርጉሟ አንደኛ፣ ሕፃንን ጡት ማስጣል። ሁለተኛ፣ ሰውን ከለመደው ነገር ቀስ በቀስ መነጠል። ደስ የሚለው አመጣጧ ነው። ጥንት እንግሊዞች ይህችን ቃል ሲናገሩ "ማስለመድ" ማለታቸው ነበር፤ መነጠል የሚባል ነገር በውስጧ አልነበረም። ልጁን እህል ያስለምዱታል፤ እህሉን ሲለምድ ጡቱን ይተዋል። ትርጉሟን የሚገለብጥ ቁራጭ ከፊቷ የሚቀጥሉበት ጊዜም ነበር። ኋላ ቁራጩ ወደቀና ማስለመድ የነበረችው ቃል ብቻዋን ማስጣል ሆና ቀረች። ብልጦች ናቸው፤ ከልጁ የሚወስዱትን አይናገሩም፣ የሚሰጡትን ብቻ ነው የሚጠሩት።

መምህሩ ከየቤታችሁ ምሳሌ አምጡ ስላላችሁ አንቺ እንዴት ጡት እንደጣልሽ ጠይቀሽኛል። ይህ ቀላል ነው። እህቴ ሸዋረገጥ ወንድምሽን ዘላለምን ስታረግዝ ሁለት ዓመት አልፎሽ እንኳ ጡት አልለቅም ብለሽ ነበር። የሰፈሯ የየቡ ሴቶች መራራ ግራዋ ጨምቀሽ ጡትሽ ላይ ቀቢበት አሏትና ቀባችበት። ሌላው ልጅ አንዴ ቀምሶ ይሸሻል። አንቺ ፊትሽን አኮማትረሽ፣ እንባሽ እየወረደ፣ እስከ መጨረሻው ጠባሽው። ግራዋው ሲሸነፍ እንደ ደንቡ ለጡት ማስጣያ ወደ ዘመድ ቤት፣ ወደ እኛ ወደ አጋሮ ተላክሽ። ለሁለት ሳምንት ነበር። በመጣሽበት ቀን የውድነሽን ጣት ነከስሽ፤ ሰንበት ብለሽ የሰው ሬዲዮ ሰበርሽብኝ፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱ የራስሽ ሆነ። ይህንኑ ጻፊለት። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

አጎትሽ ጎሳዬ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ለእርስዎና ለእማዬ ውድነሽ ይድረስ። መልስ ስላዘገየሁ አይቀየሙኝ፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ ሳስብ ነው የቆየሁት።

ያሉኝን ሁሉ ጽፌ ሰጠሁ። መምህሩ ወዶት ክፍሉ ፊት አስነበበኝ። ግራዋው ላይ ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ፍቅር የምትባል ከፊት የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣችና "በኋላስ እናቷ መቼ መጥታ ወሰደቻት?" አለች። መምህሩም "እውነቷን ነው፤ መጨረሻውን ዘለልሽው" አለኝ።

ወረቀቴን አጥፌ ተቀመጥኩ። መጨረሻውን አላውቀውም። እርስዎ ቤት የገባሁት ጡት ልጥል መሆኑን ራሱ ያወቅሁት አሁን ከደብዳቤዎ ነው። እማዬ ሁልጊዜ "ለትምህርት አመጣንሽ" ነበር የምትለኝ። በሁለት ዓመቴ ምን ትምህርት ነበረኝ? እትዬ ሸዋንም በዓመት በዓል ሳገኛቸው ጉንጬን ስመው እንደ ሌሎቹ ዘመዶች ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። የወለዱኝ እሳቸው መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ግን አንድ ቀን እንኳ "ለምን?" ብዬ አልጠየቅሁም። ለምን እንዳልጠየቅሁም አላውቅም።

ሌላም ጉዳይ አለ። ዘላለም በአንድ የቡና መኪና ሹፌር በኩል እናቱ ደረታቸውን መታመማቸውን የሚገልጽ መልእክት ልኮብኛል። "እናቱ" ብዬ ጻፍኩ አይደል? ልሰርዘው ብዬ ተውኩት። ሕመማቸው እንዴት ነው? ለገና መጥቼ ልያቸው ወይ?

መቅዲ


አጋሮ፣ ኅዳር 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለመቅዲ፣ ለጥያቄዋ ፖስታ ለማይበቃት፤

ፍቅር ለምትባለው ልጅ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ከፊት መቀመጥ ዓይን ያደክማል፣ ወደ ኋላ ሂጂ ብሎሻል በያት።

መልሱ ይኸውልሽ። ልጅ ለጡት ማስጣያ ከተላከ በኋላ እናት ለዓይኑ አትታይም። ይህን ደንብ እኔ አላወጣሁትም፤ የየቡም የአጋሮም ሰው ያውቀዋል። ከታየች ልጁ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ሁሉም ልፋት ከንቱ ይሆናል። ልጁ ሲረሳ ይላክባታል፣ መጥታ ትወስደዋለች። አንቺ ደግሞ ለሌላው ነገር ፈጣን ሆነሽ ለመርሳት ሰነፍ ነበርሽ። ያንን ስንጠብቅ ዘላለም ተወለደ። ክረምት ገባ። አባትሽ ወልደሰማያት ታመመ፣ አረፈ። እንዲህ እንዲህ እያልን ትምህርት ቤት ደረስሽ። ስለዚህ ውድነሽም አልዋሸችሽም፤ ትንሽ ቀደመች እንጂ።

ስለ ሸዋረገጥ አታስቢ። ሳል ይዟታል። በቡና ለቀማ ወቅት የማያስል ሰው ካለ እሱ ቡና የለውም ማለት ነው። ማርና ነጭ ሽንኩርት ልኬላታለሁ። ለገና አትምጪ። ፈተናሽ ጥር ላይ ነው፤ እዚህ መጥተሽ የምትጨምሪላት ነገር የለም። ጊዜው ሲሆን እኔ ራሴ እልክብሻለሁ።

ከዚህ ጋር የመጣው ሹራብ የውድነሽ ሥራ ነው። አንዱ እጅጌ ረዘም ይላል። ስትሠራው ስለ አንቺ እያወራች ስለነበር ማቆሚያውን ረሳችው።

አጎትሽ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

ሹራቡ ደርሶኛል፤ እማዬን እግዜር ይስጥልኝ ይበሉልኝ። ዛሬ የምጽፈው ግን ለእርስዎ ብቻ ነው።

ትናንት እትዬ ከድጃ ኮሌጁ ድረስ መጡ። የእትዬ ሸዋ የግድግዳ ጎረቤት ናቸው፤ ያውቋቸዋል። ልጃቸው ፈትያ መርካቶ ስለወለደች ሊያርሷት መጥተው ነው። ግቢው በር ላይ ገና ሳያቸው ደስ ብሎኝ ሮጥኩ። እሳቸው ግን አገላብጠው ሳሙኝና እጄን አልለቀቁም።

"ማሎ፣ ምነው መቅዲ፣ እዚህ ሹራብ ለብሰሽ ትስቂያለሽ። እሷ እዚያ በር በሩን ታያለች" አሉኝ።

"ፈተና አለብኝ። ጋሼም ሳል ነው ብለውኛል" አልኳቸው።

"ሳል? ወላሂ ከአልጋ ሳትወርድ ወር አለፋት። ወንድሟ መጥቶ አይቷት የለ እንዴ?"

"መቼ?"

"ለቀማው ሳይጀመር። ሲወጣ እንባውን በመሐረብ ጠርጎ፣ መኪናው አቧራ አለው አለን። መኪናው እኮ ገና አልመጣም ነበር።"

የማውቅ መስሏቸው ስለ ድሮውም ቀጠሉ። ወደ አጋሮ በተላክሁ ጊዜ እትዬ ሸዋ በየገበያው ቀን ሰው ይልኩብዎ ነበር አሉ። "ልምጣ ወይ?" ነው መልእክቱ። የእርስዎ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ገና ነው፤ አሁንም ስምሽን ትጠራለች፤ ከመጣሽ ታበላሺያታለሽ።"

"አንድ ጊዜ መልእክቱን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ" አሉ እትዬ ከድጃ። "አንቺ በራፍ ላይ ከውድነሽ ጋር ትጫወቻለሽ። እማዬ ትያታለሽ። በጆሮዬ ሰማሁ። አጎትሽ ወጣና ያንኑ ነገረኝ፤ ገና ነው አለ።"

"ለእትዬ ሸዋ ምን አሏቸው ታዲያ?"

"ምን እላታለሁ፣ ልጄ? ልትወልድ ደርሳለች። ደህና ናት፣ ወፍራለች አልኳት። አላህ ይቅር ይበለኝ። ኋላ ሳይላክባት ዘላለምን አዝላ ሄደች። አንቺ ከውድነሽ ቀሚስ ጀርባ ተደብቀሽ አልወጣም አልሽ። ከዚያ ወዲህ ልውሰዳት የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም።"

ጋሼ፣ ሁለት ነገር እጠይቅዎታለሁ። ይህ እውነት ነው ወይ? እትዬ ሸዋስ ከአልጋ አይነሱም ወይ? ቀልድ የሌለበት አንድ ገጽ ይጻፉልኝ።

መቅዲ


አጋሮ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለመቅዲ፤

ቀልድ የሌለበት ገጽ አዘዝሽኝ። ሞክሬ ሁለት ወረቀት ቀደድሁ፤ ይህ ሦስተኛው ነው። ከተሳካልኝ ለመምህርሽ አሳዪው፤ እኔም ማርክ ላግኝ።

ከድጃ ጥሩ ሴት ናት፤ ሰው ስትወድ ግን ነገር ታበዛለች። ሸዋረገጥ መተኛቷ እውነት ነው። የጤና ጣቢያው ሰዎች ጅማ ይውሰዷት ብለው ነበር፤ እሷ ከቤቴ አልወጣም አለች። ለአንቺ ያልጻፍኩት ትምህርትሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ስለ ድሮው የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ ያን ጊዜ ውድነሽ ሁለት ልጅ ቀብራ ነበር። ከሁለተኛው በኋላ ከመኝታ አትነሳም፣ ሰው አታናግርም። አንቺ ጣቷን በነከስሽ በሦስተኛው ቀን ተነስታ ፀጉሯን ተሠራች። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

አሁን ምክሬን ስሚ። ፈተናሽን ተፈተኚ። ስትጨርሺ ጅማ መናኸሪያ ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ፤ የቡ አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ አትምጪ። ድንገት ብትታዪያት ትደነግጣለች፤ ለደረት ሕመምተኛ ድንጋጤ አይበጅም። እኔ ነይ ያልኩሽ ጊዜ ትመጫለሽ።

አጎትሽ


የቡ፣ ጥር 1 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

ደብዳቤዎን ባነበብኩ ማግስት ተሳፈርኩ። ፈተናውን ትቼዋለሁ፤ ስለሱ አይጻፉልኝ። ገናን እዚህ ዋልኩ።

እትዬ ሸዋ አልደነገጡም። ስገባ ከትራሳቸው ቀና ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉና "ይግቡ፣ ይቀመጡ" አሉኝ። ከበስተኋላዬ ሰው ያለ መስሎኝ ዞርኩ። ዘላለም "እማዬ፣ መቅዲ እኮ ናት" አላቸው። "አውቄአቸዋለሁ። ለተማረ ሰው አንቺ ይባላል እንዴ?" አሉና ለስላሳ እንዲገዛልኝ ላኩት። እኔ እሳቸውን አንቱ እላለሁ፣ እሳቸው እኔን አንቱ ይሉኛል። ቤት ሊከራዩ የተገናኙ ሰዎች እንመስላለን።

የመጀመሪያው ቀን አጥሚት ይዤ ብቀርብ "እጅዎ ይቆሽሻል፤ ለዘላለም ይተዉለት" አሉኝ። ከዘላለም እጅ ይጎርሳሉ። ከእትዬ ከድጃ ልጅ ከሙኒር እጅ ይጎርሳሉ። ከእኔ እጅ ግን ያፍራሉ። በየጠዋቱ ማንኪያውን ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ ሳይቀበሉኝ ይበርዳል፤ እንደገና አሞቀዋለሁ። ትናንት ተቀበሉኝ። ሲውጡ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማስለመድ ይህን ያህል ከባድ መሆኑን መዝገበ ቃላትዎ አልጻፈም። ወይም የሚከብደው የተነጠለን ሰው መልሶ ማስለመድ ይሆናል። ለዚያ የሚሆን ግስ እንግሊዝኛ ውስጥ ካለ ይፈልጉልኝ።

ከጨለመ በኋላ ዘላለም ሲወጣ እንደምንም ደፍሬ ጠየቅኋቸው። ይቆጡብዎታል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እንዲህ አሉኝ፤ "ወንድሜ ምን አጠፋ? ልጅ እንዳይሠቃይ ብሎ ነው። እርስዎ ቢያዩኝ ያለቅሱ ነበር። እኔ ነኝ የዘገየሁት። ነይ ሳይለኝ አንድ ቀን ቀደም ብዬ መምጣት ነበረብኝ፤ ፈራሁ።"

ጋሼ፣ እስከ ዛሬ የዘገዩት እሳቸው እንደሆኑ ነው የሚያስቡት። ሌላ ነገር እንዲነግሯቸው አልጠይቅዎትም። ግን "ጎሳዬ ይምጣና ያስቀኝ" ይላሉ። በአጋሮ በኩል መኪና በመጣ ቁጥር ዘላለምን ወጥተህ እይ ይሉታል። ከአጋሮ እዚህ ቅርብ ነው። ይምጡ። ስለ እኔ አይደለም የምለምንዎት።

መቅዲ


አጋሮ፣ ጥር 6 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለመቅዲ፤

ይህን ደብዳቤና አንዲት ሬዲዮ የሚያመጣልሽ ጠሃ የሚባል ሾፌር ነው፤ ሻይ ስጪው። ሬዲዮዋን በእጄ ፈትቼ ነው የሠራኋት፤ ባትሪዋ አዲስ ነው። ከሸዋረገጥ ራስጌ አስቀምጪላት።

እኔ ልመጣ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ጉንፋን ያዘኝ። ጉንፋን ይዞ ደረቱ ወደሚያመው ሰው አይኬድም፤ ይህን ራስሽም ታውቂዋለሽ። ደግሞም አሁን ብመጣ በመካከላችሁ መግባት ነው። ትንሽ ትልመድሽ። ስትለምድሽ እመጣለሁ።

እስከዚያ ይህን ንገሪያትና ትሳቅ። ባለፈው አንድ ሽማግሌ ሬዲዮውን አምጥቶ "ቡና ወረደ፣ ቡና ወረደ ብቻ ነው የሚለው፤ አስተካክልልኝ" አለኝ። ፈትቼ አየሁት፣ ደህና ነው። "አባቴ፣ ሬዲዮው አልተበላሸም" ብዬ ብነግረው "እንግዲያው የወሬውን ሽቦ ቁረጥልኝና ዘፈኑን ተውልኝ" አለኝ።

ስለ እኔ ሌላ ያለችው ነገር አለ? ካለ ጻፊልኝ። ከሌለም ጻፊልኝ።

አጎትሽ


የቡ፣ ጥር 19 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

ከለቅሶው ተመልሳችሁ ደህና ገብታችኋል ብዬ አምናለሁ። የአጋሮ እድርተኞች በጠዋት ድንኳን ጭነው መምጣታቸውን ሰው ሁሉ አመስግኗል። ወንድሟ ክብሯን ጠበቀ ብለዋል።

ሬዲዮዋ በጊዜ ደርሳ ነበር። የሽማግሌውን ነገር ነገርኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነባት። ትንፋሿ ሲመለስ "ጎሳዬ እንደ ድሮው ነው" አለች። ሌላ ያለችው ነገር የለም። ከሌለም ጻፊልኝ ብለውኝ ስለነበር ነው።

በቀብሩ ላይ እጄን ይዘው በጆሮዬ የጠየቁኝን ያኔ ያልመለስኩት ሰው ስለከበበን ነው። "ተቀየምሽኝ ወይ?" ብለውኛል። ብቀየምዎት ይቀለኝ ነበር። ሰው ሲቀየም ይተዋል፤ እኔ እርስዎን መተው አልችልም፣ ለምጄዎታለሁ። ሲያስሉ ከየትኛው ክፍል እንደሆነ አውቃለሁ። ደብዳቤዎ ሲመጣ አሁንም ሳልከፍተው ፈገግ እላለሁ፤ ከዚያ ነው ሁሉም ትዝ የሚለኝ። አጋሮ ግን ለጊዜው አልመጣም። ዘላለም ብቻውን ነው። የትምህርቱም ነገር ለከርሞ ይታያል።

እሷ እስከ መጨረሻው አንቱ ስትለኝ ነው የሞተችው። በመጨረሻዎቹ ቀናት ከእጄ መጉረስ ለምዳ ነበር፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አታዞርም ነበር። "ይበቃኛል፣ ደከሙ" ትለኛለች። ሌላ ሳምንት ብናገኝ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። ገና ነበርን።

አንድ ነገር ጽፌ ልጨርስ፤ ለእማዬ ውድነሽ ግን አያንብቡላት። አስከሬኑ ሲነሳ ሴቶቹ ወደ ፊት ገፉኝ። "ሴት ልጇ ናት፣ አሳልፏት፣ ጠርታ ታልቅስ" አሉ። ዘላለም ከአጠገቤ "እማዬ፣ እማዬ" እያለ ይጮሃል። እኔም አፌን ከፈትሁ። እማዬ ውድነሽ በሌላው ጎኔ ክንዴን ይዛኝ ነበር። ያን ቃል ብጠራ "አቤት" ብላ የምትዞረው እሷ ነበረች። እርስዎ ከወንዶቹ ጋር ፊት ለፊቴ ቆመው ነበርና ሰምተውኛል። እንደ ጎረቤቶቹ "እትዬ ሸዋ፣ እትዬ ሸዋ" እያልኩ አለቀስኩ።

መቅዲ